ልጅ በመጫኛ አይሻገርም

አስቀድሜ ሰዎቹን ልጥራ፤ ነገሩን የሚያነብ ማን ምን እንደሆነ ይወቅ። አያ እንድሪስ፣ የጣና ዳር ወይጦ፣ እኔን ከውሃ አውጥቶ ውሃን ያስተማረኝ። አስካል፣ ልጄ፣ በእኛ ወንዝ ዳር ከሴት ልጆች መጀመሪያ የዋኘች። ቸኮል፣ የመንደራችን ጭቃ ሹም፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ቄስ ዘወልድ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። ጥሩወርቅ፣ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ጎረቤቴ። መርሶ፣ የጥሩወርቅ አንድያ ልጅ፣ ካስተማርኋቸው ሁሉ የበለጠ ዋናተኛ። እኔ ቢተው እባላለሁ። ሹመቴ በጉማራ መሻገሪያ ሰው ማሻገር ነበር፤ ሥራዬ ግን ልጆችን ዋና ማስተማር ነበር።

ዘንድሮ ጉልበቴ ስለከዳኝ መሻገሪያውን ለሌላ ሰው አስረከብሁ። የተረከበኝ ጎልማሳ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩም ጨዋ ነው። ባለፈው ሳምንት ደጄ ድረስ መጣና፣

«አባ ቢተው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዋና የተማረን ልጅ ውሃ ይወድደዋል፣ ይወስደዋልም ይላሉ። ያንቱ ተማሪም እንዲሁ ሞተ ይላሉ። እውነት ነው?» አለኝ።

«ማን ነው የሚለው?» አልሁት።

«ሁሉም።»

ከዚያ ወዲህ እህል አልጥመኝ አለ። ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ሳይኖረኝ፣ በራሴ ነውና እጄ ጥሩ አይጽፍም። ቢሆንም ሁሉም የሚለውን አንድ ሰው በጽሑፍ ይመልስለት ብዬ ተቀመጥሁ።

ሥራ የጀመርሁት በደብረ ታቦር ሰፈር፣ ንጉሡ እዚያ ከትመው ሳለ ነው። የጓዝ ጫኝ ነበርሁ። አጋሰስ መጫን፣ ጭነቱ እንዳያጋድል ከበሬ ቆዳ በተገመደው መጫኛ አጥብቆ ማሰር፣ ወንዝ ሲደርሱ መፍታት፣ ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ማሰር። ጠፍር ሲደርቅና ሲርስ እንዴት እንደሚሆን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የረጠበና የተወጠረ ቋጠሮ በጣት አይፈታም፤ ይቆረጣል እንጂ።

አንድ ክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ ርብ ሞልቶ ሳለ ተሻገሩ ተባልን። ወታደሮቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። መካከል ላይ አንዱ ተንሸራተተ፤ የያዙትም ተከትለውት ሄዱ። ሲመሽ የጓዝ አለቃችን መጣና «ስንት አጋሰስ ጎደለ?» አለ። ነገርነው። «ጭነቱስ ምን ነበር?» አለ። ያንንም ነገርነው። ስለ ሰዎቹ ሳይጠይቅ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው፤ በዚህ ግን ሁሉም ይመሳሰላሉ።

ያን ዕለት ውሃው እኔንም ወስዶኝ ነበር። የበቅሎ ጅራት የሙጥኝ ብዬ ቁልቁል ስሄድ አንድ ሰው በጎን ዋኝቶ መጣና ጸጉሬን ጨብጦ ዳር አወጣኝ። አያ እንድሪስ ነበር። በሆዴ አስተኝቶ ውሃውን እያስተፋኝ ይስቃል።

«ምነው ወንድሜ፣ በቅሎዋን አምነህ ራስህን ሳታምን? እሷ እኮ ለራሷ ነው የምትዋኘው!»

ወይጦ በደጋው ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚታይ የማያውቅ የለም። ጉማሬ ይበላል ተብሎ እጁ የነካው ዕቃ አይበላበትም፤ ገላው የነካውም ሰው ጠበል ሳይረጭ ቤት አይገባም። እኔም እንዲሁ ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ጸጉሬን ይዞ ነፍሴን የመለሰልኝ ግን ያ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ እንድጸየፈው የሚመክረኝን ሰው፣ ካህንም ቢሆን፣ አልሰማሁም።

ዘመቻ በሌለበት ወራት ከአያ እንድሪስ ዘንድ እከርም ነበር። ልጆቹን ሲያስተምር አይቼ እኔም ተማርሁ። ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት ዳር ቁጢጥ ይልና ደረቅ ኩበት ወርውሮ ከዓይኑ እስኪሰወር ይከተለዋል። የቱ ጋ እንደሚፈጥን፣ የቱ ጋ እንደሚሽከረከር፣ የቱ ጋ ወደ ዳር እንደሚጠጋ ያያል። ቸኩዬ «እንግባ እንጂ» ስለው «ቆይ፣ ሰላም ብዬው ገና አልመለሰልኝም» ይለኛል።

ልጅ ሲያስተምር መዳፉን ከሆዱ በታች ያደርግና በውሃው ላይ ያንሳፍፈዋል። ከዚያ ጣቶቹን ተራ በተራ እያጠፈ ይቀንሳል። ልጁ በሰው እጅ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ በአንዲት ጣት ላይ ነው ያለው። ኋላም በምንም ላይ የለም። ውሃ ውስጥ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «የተቆጡት ልጅ አንገቱን ያደርቃል፤ አንገቱ የደረቀ ደግሞ ይሰጥማል» ይላል። ልጁ ገና «ድገመኝ» እያለ ሳለ ትምህርቱን ያቆማል፤ ደክሞት እንዲወጣ አይፈቅድም። ከአንገት ክታብ በቀር ከልጅ ገላ ላይ ማናቸውንም የታሰረ ነገር ያስፈታል። ክታቡን ግን አይነካም፤ «እሱን እናቱ ታውቃለች» ይላል። የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ መዋኘት አይደለም፤ በጀርባ መተኛት ነው። «ጀርባህን ስጠው፤ ሰማዩን እይ፤ ውሃ የተኛበትን አይጥልም፤ የሚታገለውን ነው የሚጥል።»

ኋላ ሠራዊቱ ሲነሳ እኔ ታምሜ ቀረሁ። ስድን ወደ አገሬ፣ ከአንበሳሜ በታች ወዳለችው መንደራችን ተመለስሁ፤ ዋና ስለማውቅም በጉማራ መሻገሪያ ላይ አደረጉኝ። ደመወዜ ከየአውድማው የሚሰፈርልኝ ገብስ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ጉማራ በበጋ የልጅ ጉልበት አያልፍም። ክረምት ሲገባ ግን ከጉና የሚወርደው ውሃ አፈር ጠጥቶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ እያገሳ ይመጣል። መንደራችን ወዲህ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የሐሙሲት ገበያ መንገድም ወዲያ ነው። ስለዚህ ሰው በክረምትም መሻገሩ አይቀርም። የአገሩ ልማድ በመጫኛ ወገብ ለወገብ መተሳሰር ነው፤ ፊት አንድ ጎበዝ፣ ኋላ አንድ ጎበዝ። እግሩ መሬት የሚነካ አዋቂን ይህ ይጠቅመዋል፤ አንዱን ቢያዳልጠው ሌላው ቆሞ ይይዘዋል። አልክድም። እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ግን በመጫኛ ላይ የተንጠለጠለ ጭነት ነው፤ ራሱን አያድን፣ ሌላውን ያሰጥም። ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ ያስተማርሁት የገዛ ልጄን አስካልን ነው። በግንቦት፣ ውሃው ጎድሎ ሞቅ ሲል፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ጥልቅ ኩሬ አለ፤ እዚያ። ሁለት ደረቅ ቅል አፋቸውን በሰም ደፍኜ፣ በለስላሳ ልጥ አያይዤ ከብብቷ ሥር አደረግሁላት። ልጡ ሲጎተት እንዲበጠስ ሆን ብዬ ቀጭን አደረግሁት። ፊቷን ውሃ ማስለመድ፣ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ መተንፈስን ማስተው፣ እግርን እንደ እንቁራሪት መሰብሰብና መዘርጋት። ከሁሉ በላይ ግን ጎርፍን ፊት ለፊት አለመቁረጥ። የእኛ ሰው ወንዝ ሲገባ ማዶ ያለውን ዛፍ አይቶ ወደዚያው ቀጥ ብሎ ይታገላል፤ የሚሞተውም ስለዚህ ነው። ከውሃው ጋር እየወረዱ በሰያፍ ወደ ዳር መጠጋት ነው ብልሃቱ።

ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ከዳር ሆነው እያዩ «ቢተው ልጁን ለወይጦ ሊድራት ነው» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ጭቃ ሹም ቸኮልም በበቅሎ ሲያልፍ ቆሞ፣

«አንተ ቢተው! ዓሣ ልታደርጋቸው ነው? ኋላ በጾም እንዳንበላቸው!» ይለኛል።

«ከመቅበር መብላቱ ይሻላል፣ ጭቃ ሹም» አልሁት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ጥሩወርቅ ግን መርሶን በእጇ ይዛ መጣች። «አባቱን ዘመቻ ወሰደብኝ፤ እሱን ደግሞ ውሃ እንዳይደግመኝ» አለች። መርሶ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ ነበር።

«አያ ቢተው፣ ዓሣ ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ትንፋሽህን ያዝ ይሉኛል? ዓሣን አይቆጡትም!»

ከጥቂት ቀን በኋላ ቅሎቹን አውልቆ ለአስካል ወረወረላትና «አንቺ ያዥልኝ፤ እኔን ያዘገዩኛል» አላት። እንደ እሱ በጀርባው ተኝቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ ልጅ አላየሁም። ሌሎች ጥቂት ልጆችም መጡ። የቸኮል ልጅ ግን አልመጣም፤ አባቱ ከለከለው። ያልተማሩት ከተማሩት ይበዙ ነበር።

በዚያ ዓመት ፈንጣጣ አገሩን ሲያዳርስ የእኛን ልጆች አለፋቸው። መንደሩም ለሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ለቂርቆስ በዓል፣ ልጆቹን ሁሉ ይዞ ሊሳለም ተስሎ ነበር። ስለቱ መልካም ነው፤ አልነቅፍም። በዋዜማው ግን በጉና ላይ ሲወርድ የዋለው ዝናብ አልቆመም ነበርና ጠዋት ወንዙ ዳር ስንደርስ የወትሮው መሻገሪያ ድንጋይ አይታይም። ኩበቱን ወረወርሁ፤ ዓይኔን ከማዞሬ በፊት ጠፋ።

«ጭቃ ሹም፣ ዛሬ ለልጆች አይሆንም። እስከ ከሰዓት እንቆይ፤ ዝናቡ ካባራ ውሃው ይጎድላል። ካልሆነም ዋና የሚችሉትን ልቀቁልኝ፤ የቀሩትን በትከሻዬ አንድ በአንድ ላመላልሳቸው» አልሁ።

«ቅዳሴው ሊወጣ ነው፤ ስለት በሰዓቱ ነው። መጫኛ አምጡ!»

«ልጅ በመጫኛ አይሻገርም። በሬ እንኳ ውሃ ሲገባ ቀንበር ያወልቁለታል!»

«በሬ ስለት የለበትም» አለኝ።

ቄስ ዘወልድ ስለተኞቹን ሊመሩ በዋዜማው ወዲህ ተሻግረው አብረውን ነበሩ። ለስለስ ባለ አነጋገር፣ «ልጄ ቢተው፣ ሕፃኑን ቂርቆስን ከፈላ ጋን ያዳነ መልአክ እነዚህንም ያሻግራቸዋል» አሉኝ።

«አባቴ፣ መልአኩ እሳቱን አበረደ እንጂ ሕፃኑን በጠፍር እሰሩልኝ አላለም» አልኋቸው።

ሰዉ አጉረመረመ። ደፈርህ አሉኝ። አንዱ አስካልን ሊያስር እጇን ሲይዝ ቀማሁትና ወደ ኋላዬ አደረግኋት። «የቢተው ልጅ ከእኛ ልጆች ትበልጣለች?» አሉ። ቸኮል ግን ወሬ ብቻ አልነበረም፤ መጫኛውን መጀመሪያ በራሱ ወገብ ላይ አሰረ፤ ከኋላው የገዛ ልጁን አሰረ። ይህን ያደረገው በእውነት የሚያድነው መስሎት ነው። ፈሪ ቢሆን ኖሮ እሱን መናቅ ይቀለኝ ነበር።

ወደ መርሶ ሲመጡ ጥሩወርቅ ክንዷን ዘረጋች። «እሱ ዋና ይችላል፤ ተዉት» አለች።

«የመንደሩን ስለት ልታፈርሺ ነው? ፈንጣጣው ቢመለስ በማን ላይ ይሁን?» አላት ቸኮል።

መርሶ «እማ፣ እኔ እችላለሁ፤ አልታሰርም። አያ ቢተው የታሰረ አይዋኝም ብለውናል!» አለ። እሷ እኔን አየችኝ፤ ሰዉን አየች። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ማሳዋን የሚያርስላት ያው ሰው፣ አዝመራዋን የሚያነሳላት ያው ሰው። ክንዷን አወረደች። በመካከል አሰሩት፤ ከኋላው ደግሞ ሌሎች ሦስት ልጆች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጎልማሳ። የቀሩት ልጆች ተራቸውን ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ገቡ። እኔ ከታች በኩል ዳሩን ተከትዬ ቢላዋዬን ይዤ ሮጥሁ። መካከል ሳይደርሱ ቸኮልን ግንድ መታው፤ ወደቀ። መጫኛው ተወጠረ፤ ልጆቹ ሁሉ እንደ ተበጠሰ ጨሌ ሳይሆን እንደ ተሰካ ጨሌ አንድ ላይ ሄዱ። ቢበጠስ ምንኛ ደግ ነበር!

መርሶን አየሁት። ያስተማርሁትን ሁሉ አደረገ። አልጮኸም፤ ጀርባውን ለውሃው ሰጠ፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ፤ እግሩን ሰብስቦ ዘረጋ፤ በሰያፍ ወደ ዳር መጠጋት ጀመረ። ትንሽ ቀርቦ ነበር። ከዚያ የቸኮልና የልጁ ክብደት መጫኛውን ሳበው፤ ወገቡን ይዞ በፊቱ ገለበጠው። እንደገና ወደ ጀርባው ዞረ። እንደገና ገለበጠው።

እኔ ስገባ አስካል ቀድማኝ ገብታ ነበር። ሳልፈቅድላት። ደርሳበት ቋጠሮውን በጥፍሯና በጥርሷ ትታገላለች። የረጠበ ጠፍር ነው፤ አልፈታላትም። እኔ የደረስሁት በኋለኞቹ ልጆች በኩል ነበርና በፊቴ ያገኘሁትን ቆረጥሁ። ከኋላ ያሉት ሁለት ልጆች ከጎልማሳው ጋር ተለቅቀው ዳር ወጡ። ወደ መርሶ ስደርስ ልጄ አንገቱን አቅፋ ትንፋሹን ስትጠብቅ አገኘኋት። ትንፋሽ አልነበረውም። ቸኮልን ጎርፉ ዳር ካለ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ጥሎት በሕይወት ወጣ፤ ልጁ አልወጣም። ከመርሶ ኋላ የታሰረችው የአንድ አራሽ ሴት ልጅም አልወጣችም።

ለቅሶው ሳያልቅ ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ። እኔ መጫኛው ይነሳል ብዬ ሄድሁ። የተነሳው ሌላ ነው።

«መርሶ ከሁሉ የሚበልጥ ዋናተኛ ነበር፤ ምን ረባው?» አለ አንዱ።

«የወይጦ ትምህርት ነው ያመጣብን» አለ ሌላው።

«የታሰረውስ?» አልሁ። «ታስሮ እኮ ነው የሞተው! ሳይታሰሩ የገቡት እኔና ልጄ ይኸው ወጥተን የለም?»

«አንተማ ልጅህ ተርፋልሃለች፤ ምን ታጣለህ፣ ተናገር!» አሉኝ። ቸኮል መሬት መሬት እያየ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሰው አንድ ቃል ብቻ ጠብቄ ነበር። የልጁን ወገብ ያሰረው እሱ ነው፤ እሱ ቢናገር አገሩ ሁሉ ይሰማው ነበር። አልተናገረም። ልጅ ዋና እንዳይማር ወሰኑ፤ ቅሎቼንም ሰባበሩ። ስለ መጫኛው ግን አንድም ሰው አፉን አልከፈተም።

አያ እንድሪስ ሰምቶ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከቅጥር ውጭ አስቀመጡት። ነገሩን ስነግረው አላለቀሰም፤ «ማን ነው ያሰራቸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ሲመለስ የሐሙሲት መንገድ ላይ ጎረምሶች በድንጋይ አባረሩት።

ጥሩወርቅ በልጇ አርባ ከኀዘን ቤት ወጥታ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ከስሎ ነበር።

«ቢተው፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ሲዋኝ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። እንዳስተማርሁት ነው የዋኘው።»

«እንግዲያው ገደልነው እንጂ አልሞተም» አለችና ተነስታ ሄደች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እውነቱን የተናገረች እሷ ናት፤ እሷም ከሁሉ ያነሰ ጥፋት ያለባት ነች።

ለተካኝ ሰው የምመልሰው ይኸውና። ዋና ልጅ አይገድልም። ልማድን ከልጅ አብልጦ መውደድ ይገድላል፤ ከሞተ በኋላም ጥፋቱን በሟቹ ላይ መጫን ሌሎችን ይገድላል።

የዚያ ጠዋት ዋጋ ይህ ነው። ቸኮል ልጁን ከፈለ፤ ሹመቱ ቀረለት፤ ቤቱ ግን ያለ ወራሽ ተዘጋ። አራሹ ሴት ልጁን ከፈለ። ጥሩወርቅ አንድያዋን፣ ማሳዋንና አገሯን ከፈለች፤ መንኩሳ ወደ ደብረ ታቦር ሄዳ በዚያው ቀረች። ቄስ ዘወልድ እስኪሞቱ ድረስ የሐምሌን ቂርቆስ መቀደስ አልቻሉም፤ ለሌላ ቄስ ይተዉ ነበር። አያ እንድሪስ ሐሙሲት ገበያ አልተመለሰም፤ እኔም እሱን ዳግመኛ አላየሁትም። አስካል ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ልጆቿን ወደ ወንዝ አታስጠጋም፤ አባቷ የዋና መምህር ነበር ብላም አትነግራቸውም። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሰው በትከሻዬ አሻገርሁ፤ የሚያስተምሩት ልጅ ግን አጣሁ። መንደሩ ደግሞ የከፈለውን ገና አልጨረሰም። በጉማራ ዳር ዛሬ መዋኘት የሚችል አንድ ልጅ የለም፤ ሰኔም ሊያልቅ ነው።